ለአንድ ቤት የሚበቃ ድምፅ

ለጆሮ የሚገዛውን ዕቃ በዓይን የመምረጥ ልማድ አለን። ስፒከር ሊገዛ ገበያ የወጣ ሰው አስቀድሞ የሚብለጨለጨውን መብራት ያያል፤ ቀጥሎ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የዋት ቍጥር ያነባል፤ ከዚያ ዋጋ ይከራከራል። ድምፁን በቅጡ የሚሰማው ዕቃው ቤት ከገባ፣ ካርቶኑ ከተቀደደና የመመለሱ ነገር ካበቃለት በኋላ ነው። አበው «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ያሉት ስለ ሐሜት ነበር። እኔ ግን የኮምፒዩተር ዕቃ መደብር በገባሁ ቍጥር ትዝ የሚለኝ ይኸው ተረት ነው።

ነገሩን ያነሣሁት የእኅቴ ልጅ ሰሞኑን ምክር ስለ ጠየቀኝ ነው። ጌም የሚጫወትበት ኮምፒዩተር አለው፤ ከስክሪኑ ሥር የሚጋደም አጭር ሳውንድ ባር መግዛት ፈልጓል። «ጋሼ፣ ትንሽ ብትሆንም የምትጮኽ ትሁን» አለኝ። ምኞቱ ከአንድ ዓረፍተ ነገር አይበልጥም፤ መልሱ ግን እንዲህ አጭር አልሆነልኝም። ርዕሱ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች የማይመጥን የሚመስለው አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ይሁንና ግጥም ወረቀት ላይ ከመስፈሩ በፊት በጆሮ የኖረ ነገር ነው። ተረትም እንደዚያው። ልጆቻችን በቀን ስንት ሰዓት፣ በምን ዓይነት ድምፅ ውስጥ እንደሚውሉ የማይገደን ከሆነ፣ የነገውን አንባቢ ከየት እንደምንጠብቅ አላውቅም።

በመጀመሪያ ዕቃው የሚቀመጥበትን ቤት እንይ። ቦንጋ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ 450 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከጅማ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በኮረብቶች ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከሆኑት ከተሞችም አንዷ ናት። በዙሪያዋ ያለው የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ገብቷል። ደን ባለበት ዝናብ አለ፤ ካፋም በዓመት ውስጥ ለብዙ ወራት ዝናብ የማይለየው አገር ነው። ዝናቡ የሚያርፈው ደግሞ ቆርቆሮ ላይ ነው። ኮርኒስ ባልተሠራለት ቤት ከባድ ዝናብ ሲወርድ፣ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ሰዎች እንኳ ጨዋታቸውን አቋርጠው እስኪያባራ እየተያዩ ይጠብቃሉ። ስለ ሳውንድ ባር በየአገሩ የሚጻፈው ምክር ይህን ቤት አያውቀውም። ምንጣፍ በተነጠፈበት፣ ጣሪያው በማይሰማ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የተጻፈ ነውና።

የእኅቴ ልጅ «የምትጮኽ ትሁን» ሲል ከዝናቡ ጋር የሚወዳደር ድምፅ መሻቱ ነው። ዝናብን በጩኸት ያሸነፈ ትንሽ ዕቃ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። የሚያዋጣው ሌላ መንገድ ነው፤ መቅረብ። በሜዳ ላይ ከስፒከር ያለውን ርቀት በግማሽ ያሳጠረ ሰው የስፒከሩን ኃይል አራት እጥፍ ያደረገውን ያህል ያተርፋል። 2 ሜትር ከ40 ርቆ የተቀመጠ ልጅ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ቢጠጋ 16 እጥፍ ኃይል በነጻ አገኘ ማለት ነው። በክፍል ውስጥ ግድግዳው የሚመልሰው ድምፅ ይህን ሒሳብ ቢያለዝበውም መሠረቱን አያፈርሰውም። በአንጻሩ በገንዘብ የሚገዛው ዋት ስስታም ነው። ድምፁ በጆሯችን እጥፍ ሆኖ እንዲሰማን ኃይሉ 10 ጊዜ ያህል ማደግ አለበት። 10 ዋቱን በ20 ዋት የለወጠ ሰው ልዩነቱን የሚያገኘው ጆሮውን አቅንቶ ሲፈልገው ነው። እንግዲህ ከስክሪን ሥር የሚጋደም አጭር ዕቃ ትልቁ ጸጋው ቅርበቱ ነው። ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከሩቅ የሚሰማው ሰው ይህን ጸጋ ይጥለዋል።

ዋትን ካነሣን ዘንድ ካርቶኑን እንመርምረው። አንድ ስፒከር ሁለት ዓይነት ኃይል ይጻፍለታል፤ ሳያቋርጥ ሊሰጥ የሚችለውና ለቅጽበት ብቻ የሚደርስበት ጣሪያ። ክሪኤቲቭ የተባለው ኩባንያ ካታና ቪ2 ለተሰኘው ሳውንድ ባሩ 126 ዋት ዘላቂ፣ 252 ዋት የቅጽበት ብሎ ሁለቱንም ጽፏል። ገዢው የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ያውቃል። ርካሾቹ ግን ትልቁን ቍጥር ብቻ በትልቅ ፊደል ያትማሉ። ይህን ለመፈተሽ መሐንዲስ መሆን አያሻም። ነባሩ የኮምፒዩተር ዩኤስቢ ወደብ በደንቡ 5 ቮልትና ግማሽ አምፔር ይሰጣል፤ ሲባዛ 2.5 ዋት ነው። ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው ተከታዩ ወደብ 4.5 ዋት ይደርሳል። ከእንዲህ ያለ ወደብ ብቻ ኃይል የሚወስድ ዕቃ ካርቶኑ ላይ «100 ዋት» ከተባለ፣ የካርቶኑ ጸሐፊ ግጥም እየሞከረ ነው ማለት ነው። ለዚያውም ቤት የማይመታ ግጥም።

ከኃይሉ መጠን ይልቅ የኃይሉ ምንጭ ለእኛ ይበልጥ ቁም ነገር ነው። ገበያው በሦስት ይከፈላል። አንደኛው እንደ ካታና ግድግዳ ላይ የሚሰካ፣ ለብቻው የሚቀመጥ የወፍራም ድምፅ ሣጥን ያለው ነው። ሁለተኛው እንደ ሬዘር ሌቫያታን ቪ2 ኤክስ ኃይሉንም ድምፁንም በአንድ የዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒዩተሩ የሚወስድ ነው። ሦስተኛው እንደ ክሪኤቲቭ ስቴጅ ኤር የራሱ ባትሪ ያለው ነው። መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ወዲያው ዝም ይላል። ሁለተኛው ላፕቶፑ እስከ ቆየ አብሮት ይቆያል። ሦስተኛው በራሱ ባትሪ ያመሻል። መብራት በሚመላለስበት ከተማ ይህ ልዩነት በካርቶኑ ላይ ካሉት ቍጥሮች ሁሉ ይበልጣል። ስለዚህ ላፕቶፕ ላለው ሰው ከሁለተኛውና ከሦስተኛው እንዲመርጥ እመክራለሁ፤ በማንኛውም ጊዜ ግድግዳ ላይ የሚሰካውን በነጻ እንኳ ብሰጠው ደስታው ግማሽ ነው።

አሁን ወደ ድምፁ ጠባይ እንግባ። የካፋ ደን ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ዓይን ጥቂት እርምጃ ሄዶ ይደክማል፤ ጆሮ ግን ይሻገራል። ንጋት ላይ ጉሬዛዎች የሚያሰሙት ወፍራም ጩኸት ሸለቆ ተሻግሮ የሚሰማው፣ ወፍራም ድምፅ በዛፍና በቅጠል በቀላሉ ስለማይገታ ነው። ቀጭን ድምፅ በየቅጠሉ ይበታተናል። ነጎድጓዱም፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣው ከበሮም የወፍራሙ ወገን ናቸው። እዚህ ያደገ ጆሮ ከሩቅ የመጣን ነገር ታላቅነት በውፍረቱ መለየት ለምዷል። 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ጥንድ ስፒከሮች ግን ይህን ሊሰጡ አይችሉም። የ50 ሄርዝ ድምፅ አንድ ሞገድ ወደ 7 ሜትር ይረዝማል፤ ያን ያህል አየር የሚገፋ ሳንባ የላቸውም። ከ100 ሄርዝ በታች ትንሹ ሳውንድ ባር እየደከመ ይሄዳል፤ «ጥልቅ ባስ» የሚለው የካርቶን ቃል ይህን አይለውጠውም።

ታዲያ በትንሽ ስፒከር የከበሮ ምት ስንሰማ ከበሮ መሆኑን እንዴት እናውቃለን? መልሱ የቅኔ ወዳጆችን ደስ የሚያሰኝ ነው። ጆሮ የ100፣ የ150 እና የ200 ሄርዝ ድምፆችን አንድ ላይ ሲሰማ፣ ከልዩነታቸው ተነሥቶ በዚያ የሌለውን 50 ሄርዝ ራሱ ይሞላዋል። ዕቃው ሰሙን ይናገራል፤ ወርቁን የሚያወጣው ሰሚው ነው። ሰም ሲደበዝዝ ግን ወርቅ አይወጣም። መካከለኛው ድምፅ የጠራ ከሆነ አእምሮ የጎደለውን ያሟላል፤ መካከለኛው ከተጨማለቀ የሚሟላ ነገር አይኖርም። ስለዚህ ከትንሽ ዕቃ ውፍረትን የሚጠይቅ ሰው የሌለውን ይጠይቃል፤ ጥራትን የሚጠይቅ ግን ውፍረቱንም በከፊል ያገኛል። ነጎድጓድ ደረት ላይ የሚያርፈው ምት ብቻ አይመጣም። እርሱ በሰም የማይነገር ነው።

ቀጥሎ የገመድ ነገር ነው። ቦንጋን የሚያውቅ ሰው ይህን አይቷል፤ ማዶ ካለው ተረተር ላይ አንድ ሰው እንጨት ይፈልጣል፤ መጥረቢያው ሲያርፍ እናያለን፤ ድምፁ የሚደርሰን ሰውዬው መጥረቢያውን መልሶ ሲያነሣ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ነው። ብሉቱዝም እንዲሁ ያደርጋል። ድምፁን አጥፎና ጠቅልሎ ልኮ እስኪፈታው በተለምዶ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ እስከ ሁለት አሥረኛ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘገያል። የሰከንድ ሁለት አሥረኛ 68 ሜትር ማለት ነው። አፍንጫችን ሥር የተቀመጠው ዕቃ ማዶ ተረተር ላይ እንዳለ ሆነ። ፊልም ሲሆን ማጫወቻው ሥዕሉን አዘግይቶ ሊያስታርቃቸው ይችላል። በጌም ግን የሚሆነውን የሚወስነው የተጫዋቹ ጣት ነውና ቀድሞ የሚያስታርቅ የለም። ኳሷን መትቶ የምቱን ድምፅ ዘግይቶ የሚሰማ ልጅ፣ ዘፈኑ አልፎት የሚያጨበጭብ እንግዳ ይመስላል። ብሉቱዝ ለዘፈን ይሁን፤ ለጌም ገመድ ያለውን ይምረጥ።

እስካሁን ያልሁት ዕቃን ከዕቃ ማወዳደር ነው። ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ሳውንድ ባር ነው ወይስ ሄድፎን? እዚህ ላይ የሄድፎንን ክርክር አሳንሼ ማቅረብ አልፈልግም። የተጫዋች ጆሮ ኮሽታ ከየት እንደ መጣ የሚያውቀው፣ ድምፁ ወደ አንደኛው ጆሮ ከሰከንድ አንድ ሺኛ ባነሰ ልዩነት ቀድሞ ስለሚደርስና እዚያ በኩል ስለሚጎላ ነው። 40 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ሳውንድ ባር ፊት በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት የተቀመጠ ሰው ግራና ቀኙን የሚሰማው በአንዲት ጠባብ በር መካከል ነው። «ዙሪያ ድምፅ» የሚለው ተስፋ በሶፍትዌር የተሠራ ማታለያ ሲሆን ራስ ከመሐል ፈቀቅ ሲል ይፈርሳል። ሄድፎን ለእያንዳንዱ ጆሮ የየራሱን ይሰጣል። ለተኩስ ውድድር የተዘጋጀ ልጅ ሄድፎን ቢል እውነቱን ነው። እግር ኳስ የሚጫወተው ግን፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስሙ ተለውጦም ልጆቹ እስከ ዛሬ «ፊፋ» የሚሉትን ጌም ማለቴ ነው፣ ከኋላው የሚመጣ ኮሽታ የለበትም።

ለጆሮ ጤናም ቢሆን ሁለቱም ወገን አደጋ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት 80 ዴሲቤል፣ ለልጅ ደግሞ 75 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይመክራል። በ2016 ዓ.ም. የወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ በጌም ማዕከሎች የተለካው ድምፅ ከ80 እስከ 89 ዴሲቤል እንደሚደርስ አሳይቷል። በየከተማችን ያሉትን የጌም ቤቶች በር ያለፈ ሰው ይህን ለማመን መለኪያ አያሻውም። ልዩነቱ በሳውንድ ባር ድምፁ ሲበዛ እናት ከጓዳ «ቀንሰው!» ማለቷ ነው። በሄድፎን የሚጮኸውን ከልጁ በቀር የሚሰማ የለም፤ የሚቆጣም አይኖርም።

የእኔ አቋም እዚህ ላይ ይጀምራል። በእኛ ቤት ልጅ የቤቱ ጆሮ ነው። ቡና ሲፈላ «ጎረቤት ጥራ» የሚባለው እርሱ ነው። አያቱ ውኃ ስትፈልግ የምትጠራው፣ በር ሲንኳኳ የሚነሣው፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ ቀድሞ የሚደርሰው እርሱ ነው። ሄድፎን የደፋ ልጅ እቤት ተቀምጦ ከቤት የወጣ ነው። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልመለሰ ልጅ ላይ የሚመጣው ቁጣ የባለጌነት ቁጣ ነው፤ ልጁ ግን አልባለገም፤ አልሰማም። በመካከላቸው ያለው ቅያሜ የሚጀምረው ከዚህች ትንሽ ነገር ነው። ክፍት ድምፅ ልጁን ከነጨዋታው እቤት ያስቀረዋል። ታናሽ እኅቱ ጎሉን ሰምታ ትሮጣለች፤ አባቱ «ማን አገባ?» ይላል። ጨዋታው እንደ ገበጣ ዙሪያውን ተመልካች ያገኛል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ፣ ያ ሁሉ ዓለም ወደ ብዙው ቤት የገባው በአንዲት ትንሽ ስፒከር ነበር። ዙሪያ ድምፅ አልነበራትም፤ ባስ አልነበራትም። የቤቱ ሰው ሁሉ ግን አብሮ ሰማ፤ አብሮ ዝም አለ፤ ሲያበቃ አብሮ ተከራከረ። እያንዳንዱ በየጆሮው ሰክቶ ቢሰማው ኖሮ ድምፁ ይጠራ ይሆናል፤ ክርክሩ ግን አይኖርም ነበር። እኛ ዛሬ ስለዚያ ትረካ የምናወራው ክርክሩ ስለ ቀረልን ነው።

ተቃውሞውን አውቃለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ አንዱ ይጫወታል፤ ሌላዋ ለፈተና ታጠናለች፤ ሌላው ከሥራ ገብቶ ጋደም ብሏል። የአንዱ ክፍት ድምፅ የሌላው ሸክም ነው። እውነት ነው። ስለዚህም ነው ሁለት ነገሮች በዕቃው ላይ በግድ እንዲኖሩ የምጠይቀው። አንደኛው ከፊቱ ላይ በጣት የሚዞር የድምፅ መቆጣጠሪያ ነው፤ «ቀንሰው» ሲባል በቅጽበት የሚታዘዝ። ድምፁ በሶፍትዌር ብቻ የሚቀነስ ዕቃ ጨዋታው እስኪያልቅ ያስጠብቃል። ሁለተኛው የሄድፎን ቀዳዳ ነው፤ ሌሊት ሲሆን፣ ወይም የሚያጠና ሰው ሲኖር የሚሰካበት። ሄድፎን ለተወሰነ ሰዓት የሚዋሱት ነገር ይሁን፤ ልጁ የሚኖርበት ቤት አይሁን።

በመጨረሻ መደብሩ ውስጥ የሚደረገውን ፈተና ልንገራችሁ። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» እንዲሉ፣ በኢንተርኔት ቪዲዮ ያየነው ዕቃ ሁሉ ያምራል። ከቦንጋ ጅማ ድረስ ሄዶ የገዛ ሰው ደግሞ ለመመለስ ሌላ የመንገድ ወጪ አለበት። ስለዚህ ሻጩ የሚከፍትላችሁን ዘፈን አትመኑት፤ ዕቃው በሚያምርበት ዘፈን ነው የሚከፍተው። ስልካችሁ ላይ የአማርኛ ትረካ ይዛችሁ ሂዱ። ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ አጫውቱት፤ በጩኸት ሁሉም ዕቃ ይመሳሰላል። ከዚያ ቃላቱን ስሙ። «ሰማ» እና «ሸማ» ይለያያሉ? የ«ሰ» ድምፅ በአብዛኛው ከ4,000 ሄርዝ በላይ ነው፤ ደካማ ስፒከር ያደበዝዘዋል። «መጣ» እና «መታ» ይለያያሉ? ጠ፣ ጨ እና ቀን የመሳሰሉት ድምፆች አየር ተግዶ በቅጽበት ሲለቀቅ የሚፈጠሩ ናቸው። ካፊ ኖኖም እንደ አማርኛ እነዚህ ድምፆች አሉት። ስፒከሩ ፈጣንና ጥሩ ካልሆነ ቅጽበቷ ትጠፋለች፤ የመጣውና የመታው ሰው አንድ ይሆናሉ።

ይህን ፈተና ያለፈ ዕቃ ጌሙንም አያሳፍርም፤ ኮሽታውም፣ የኳሱ ምትም፣ የተራኪው ንግግርም የሚኖሩት እዚያው መካከለኛና ቀጭን ድምፅ ውስጥ ነውና። እንግዲህ የምክሬ ጠቅላላ ይህ ነው፤ ገመድ ያለው፣ መብራት ሲጠፋ የማይከዳ፣ ከፊቱ መቆጣጠሪያና የሄድፎን ቀዳዳ ያለው፣ በዝቅተኛ ድምፅ ቃል የማይበላ። መብራቱ ቢብለጨለጭ ባይብለጨለጭ ግድ የለኝም። ዝናቡ ሲመጣ ጨዋታውን ማቆም ነው፤ እርሱን የሚያሸንፍ ዕቃ አልተሠራም፤ ባይሠራም አይከፋኝም። በቀረው ሰዓት ግን ድምፁ ለአንድ ቤት ይብቃ፤ የሚጫወተውም ልጅ ስሙ ሲጠራ ይስማ።